የተቃወምኩት ድልድይ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ሀና፣ ደሴ

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ያ የወገብሽ ነገር እንዴት ሆነ? ብርዱ ሲመጣ ይብስባታል ብላ ልጅሽ ማርቲ ነግራኝ ነበር፤ እባክሽ ጋቢሽን ሳትደርቢ ደጅ አትውጪ። ጋሽ እንግዳስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ሐኪም ቤት አልሄድም እያለ ያስቸግርሻል? ኢያቄም ትምህርቱን እንዴት ይዞታል? እማዬስ? እንቅልፍ ይወስዳታል? እህል ትቀምሳለች? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ክፉ አልነካኝም። የቀረውን ከዚህ በታች ታነቢዋለሽ።

ባለፈው ስትደውዪ ጆሮሽ ላይ ስለዘጋሁት ይቅር በዪኝ። የልጆቹን ድልድይ የተቃወምሽው እውነት አንቺ ነሽ ወይ፣ እማዬ በቴሌቪዥን ካየችሽ ጀምሮ ሰው ፊት አልቀርብም ብላ ተኝታለች ስትዪኝ ነው የዘጋሁት። ነገሩ በስልክ አይወራም። ጎረቤቴ ቸኮል ዕቃ ጭኖ ወደ እናንተ ስለሚመጣ፣ መልሱን ጽፌ በእሱ እጅ ላክሁልሽ።

የከተማው ምክር ቤት ከገባሁ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስመረጥ ዘመድ ሁሉ አገር የምመራ መስሎት ነበር። እኛ ተቃዋሚዎቹ ሦስት ነን፤ የሚኒባስ የኋላ ወንበር እንኳ አንሞላም። እጄን ሳወጣ ሰብሳቢዋ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ትሰቅላለች። ዕድል ከሰጠችኝም ሦስት ደቂቃ ነው፤ መልሱ ደግሞ በጽሑፍ ይደርስዎታል የሚል ነው። እስካሁን በጽሑፍ የደረሰኝ የስብሰባ ጥሪ ብቻ ነው። ሪፖርት ይነበባል፣ ይጨበጨባል፣ እጅ ይወጣል። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰውዬ አንድ ቀን ከእንቅልፉ ባንኖ እጁን አወጣ፤ ለካ ሰብሳቢዋ የሻይ ዕረፍት ነው እያለች ነበር። እጅ እጅ ብሎኛል እትዬ።

እውነተኛው ሥራዬ ከአዳራሹ ውጭ ነው። ለቡ ጥግ ላይ ኮርሳ የሚባል ሰው አለ። አባቶቹ ያረሱት መሬት ላይ ሕንፃ ከበቀለ ወዲህ በቀረችው ቁራሽ ጎመን ይዘራል፣ አሸዋም ይነግዳል። ከሰፈራቸውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት መሀል ወንዝ አለ። በጋውን ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል። ያቻምና መስከረም ደራሽ ውሃ የኮርሳን ሴት ልጅ ይዟት ሄደ፤ ታች ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች በቀሚሷ ጎትተው አወጧት። በሳምንቱ ኮርሳ ወተት ይዞ ቤቴ መጣ። እርስዎ ሴት ልጅ ነዎት ይገባዎታል፣ ትልቅ ነገር አንልም፣ መኪና አይለፍበት፣ ልጅ ይለፍበት አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በልቼም ጠጥቼም የማስበው ያን ድልድይ ሆነ። ሁለት ጊዜ ምክር ቤት አቀረብኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። አንደኛው ቀን ጥናት ያልተደረገበት ነው ተባለ፤ በዚያው ስብሰባ የአዳራሹን መጋረጃ መቀየር ያለ ምንም ጥናት ጸደቀ። በሁለተኛው ቀን ምክንያቱን እንኳ የነገረኝ የለም።

ከዚያ አዶኒያስ ጠራኝ። አዶኒያስ የገዢው ፓርቲ ሰው ነው፤ የበጀት ነገር በእሱ እጅ ሳያልፍ አይሆንም። ክፉ ሰው ግን አይደለም። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር አንድ ጁስ ቤት ተቀመጥንና ስሚ ውዳሴ፣ ድልድዩ ምንም አይወጣለትም፣ ችግሩ ያንቺ አፍ ነው አለኝ። በውስጥ ስብሰባቸው ላይ ነገሩ ተነስቶ፣ ቢሠራ ውዳሴ አሠራችው ይባላል፣ በምርጫ ዓመት ለተቃዋሚ ድልድይ አንሠራም ተባብለዋል። እኔ በስሜ ላቅርበው አለ። አቅርበው፣ የእኔ ስም ይቅር አልኩ። እሱም አይበቃም፤ ዝም ካልሽ ይጠረጥራሉ፣ ተነስተሽ ከተቃወምሽ ግን አንድም እጅ አይቀርም አለኝ። ቀፈፈኝ። ያዘዝኩትን አቮካዶ ወደ እሱ ገፋሁለት። ግን ክረምቱን አሰብኩ፤ ያቺን ልጅ አሰብኩ።

አዎ፣ ተቃወምኩ። በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ጥናት ሳይደረግ የሕዝብ ሀብት ወንዝ ውስጥ አይጣል አልኩ። እኔን የመለሱበትን ቃል ነው መልሼ ያልኳቸው፤ አንዳቸውም አላስታወሱትም። አዶኒያስ ተነስቶ በእኔው የድሮ ንግግር መለሰልኝ። መኪና አይለፍበት፣ ልጅ ይለፍበት ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሁሉም እጅ ወጣ፣ የራሴ ፓርቲ ሁለት ሰዎችም ጭምር። እነሱ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሽጣለች ይሉኛል። ካሜራው እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩትን እኔን ፈልጎ አገኘኝ፤ እማዬ ያየችው እሱን ነው።

የጠላሁት እነሱን ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰው ደህና ነገር ለመሥራት እንዲህ ቆሽሾ የሚወጣበትን ቤት ጠላሁት፤ እዚያ ቤት የሚሄዱትን የራሴን እግሮችም ጠላኋቸው። ካጨበጨቡት ውስጥ ወንዙ የት እንዳለ የሚያውቅ አምስት ሰው አይገኝም። እኔን ጠልተው ጣሉት፣ እኔን ጠልተው አጸደቁት። ልጅቷ በአንዱም ቀን ትዝ አላለቻቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ለቡ ሄድኩ። መሠረቱ ተቆፍሯል፣ ብረትም ወርዷል። ኮርሳ ለግንበኞቹ ድንጋይ ያቀብላል። ሰላም አልኩት። ወተቴ አይቆጨኝም፣ የሚቆጨኝ ልጄን ያንቺን ስም ማስጠናቴ ነው አለኝና ጀርባውን ሰጠኝ። እርስዎ ይለኝ የነበረ ሰው ነው። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግረው ግን ደስታውን መደበቅ የሚችል ሰው አይደለም፤ ማታውኑ ሰፈሩ ይሰማል፣ በማግስቱ የምክር ቤቱ ሰዎች ይሰማሉ። ተቆፍሮ የቀረ ጉድጓድ ደግሞ በዚህ ከተማ ስንት አይተናል። ወደ ዋናው መንገድ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ምርጫው ከድልድዩ ይቀድማል፤ ወደ ምክር ቤቱ እንደማልመለስ አውቄዋለሁ።

እንግዲህ እትዬ፣ አንቺ እወቂው፣ ለእማዬ ግን እንዳትነግሪያት። ስሜ በክፉ ሲነሳ አንድ ቀን ዝም ብላ አታውቅም፤ ሴቶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሲያሙኝ ከሰማች ሁሉን ትዘረግፈዋለች። ደሴ ሩቅ ነው ብለሽ አትታለዪ፣ ወሬ ዛሬ በእግሩ አይሄድም። ልጆቹ ተሻገሩ ብዬ እስክልክልሽ ድረስ እንደተቆጣችኝ ትቆይ።

ጋሽ እንግዳን አጥብቀሽ ሰላም በዪልኝ፤ ሐኪም ቤት ካልሄደ መጥቼ እጨቀጭቀዋለሁ። ማርቲን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ኢያቄም እንደ አክስቴ ምክር ቤት እገባለሁ ማለቱን ካልተወ ኳስ ግዙለት። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ምነው ዛሬ፣ ከማን ነው ብላ ከጠየቀችሽ፣ ከራሴ ከሀና ነው በዪያት።

እህትሽ ውዳሴ
ነፋስ ስልክ፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.