ጋሼ እኔ ጋ የበላው ምሳ

ረቡዕ፣ የካቲት 12 ቀን

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? እኛ አለን፤ መኖር ከተባለ።

ያን ዕለት በስልክ “ጋሼ ድንገት አረፈ” አልኩህ። ድንገት አልነበረም። ሰው በተሰበሰበበት ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ነው። አሁን ልንገርህና ከፈለግህ ተቀየመኝ።

ታላቅ ወንድማችንን ጋሼን አንተ የምታውቀው ቀያሽ ሳለ ነው፤ መሣሪያውን ተሸክሞ ዳገት ቁልቁለቱን ሲያዳርስ፣ ሱሪው እየወረደበት ከቀበቶው ጋር ሲታገል። አንተ ከሄድህ በኋላ የክፍል ኃላፊ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ከመኪና ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና ሆነ። ሲጋራ ጀመረ። ከስብሰባ ተናዶ ሲመጣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ ይታየኝ ነበር። የሱሪዎቹን ወገብ ሦስት ጊዜ አሰፋሁለት። “ሹመቱ ወገብህ ላይ ወጣ” እያልኩ፣ እየሳቅሁ!

አምና መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኛውን ሁሉ ሲያስመረምር የደም ግፊቱ መቶ ሰማንያ ገብቶ ተገኘ። ኪኒን ታዘዘለት። ሚስቱ በዚያው ቀን ጨው ከቤት አስወጣች። እሱ ግን ምሳ ሰዓት ሲሆን ልብስ ስፌት ቤቴ ብቅ ይልና “አንቺ ልጅ፣ የቤቴ ምግብ የሆስፒታል ሆኗል፤ እስቲ የሰው ምግብ አቅምሺኝ” ይለኛል። እኔም ጨው ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጥለት ጀመር።

“ኪኒኑንስ?” ስለው፣ “ምንም ሳያመኝ ምን ልሁን ብዬ ነው የምውጠው? ደግሞ ለሷ እንዳትነግሪያት” አለኝ።

አልነገርኳትም። እውነቱን ልንገርህ፣ ምሳ አብሮኝ የሚበላ ሰው በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ከሄድህ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ደንበኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ የቢሮው ደረጃ ላይ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አንደበቱም ተያዘ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ሚስቱ ዕቃውን ከመሥሪያ ቤት ስትረከብ ኪኒኖቹን መሳቢያው ውስጥ አገኘቻቸው፤ አልተነኩም። ይዛቸው እኔ ጋ መጣች።

“ጨው እንኳ አስወጥቼ ነበር እኮ” አለችኝ። “እኔ ምን አጎደልኩ?”

ያኔ የምሳውን ነገር ነገርኳት።

“ስንት ጊዜ?” አለች።

“በየቀኑ።”

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም ትለኛለች፤ ልክ እንደማንኛውም ሰው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ፣ አንተም ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትነዳው። “እኔ ደህና ነኝ” እንዳትለኝ፤ እሱም እንደዚያ ነበር የሚለው። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እንደጨረስህ ሂድና ተለካ። ኪኒን ካዘዙልህ ደግሞ ዋጥ፤ እባክህ።

እኔም ትናንት ሄጄ ነበር። ነርሷ ለካችኝ፤ ደግማ ለካችኝ፤ ከዚያ “ትንሽ አረፍ ይበሉና በሌላው ክንድዎ እንሞክረው” አለችኝ። ለኔ አታስብ፤ ልጅቷ ለሥራው አዲስ ሳትሆን አትቀርም።

ፈጣሪ መውጫ መግቢያህን ይጠብቅልህ። ዕድሜህን ያርዝመው፤ የኛንም ላንተ ይጨምርልህ።

ዘወትር የምታስብህ፣
እህትህ