የመኮንን ስም በጃዝ መጽሔታችን ላይ

ቢቸና፣ ጥር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ዛሬ ካድሬው የጃዝ መጽሔታችንን ይዞ ወደምሠራበት ትምህርት ቤት መጣ። መጽሔቱን የጀመርነው እኔና የሞጣው ነርስ መኮንን ነን፤ እሱ ይጽፋል፣ እኔ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዛለሁ። ከዘመተም በኋላ መጻፉን አልተወም። ሰሞኑን ግን ከግንባር ኮብልሏል ተብሎ ታሰረ።

«ጓድ ስንዱ፣ የከሃዲውን ስም ሰርዢና ቀጥዪ» አለኝ ካድሬው።

«ስለ ሳክስፎን የጻፈው እሱ ነው። በማን ስም ላውጣው?»

«በራስሽ!»

«የሰው ድካም አልሰርቅም» አልኩት።

የማባዣውን ክፍል ቆልፎ ቁልፉን ይዞ ሄደ። ግን የጽሕፈት መኪናዬ እዚህ ቤቴ ነው፤ ለቅጂ የሚሆን ካርቦን ወረቀትም አላጣሁም። ጽሑፉን እንደ አዲስ መታሁት። የመኮንንን ስም ከላይ፣ በእጄ፣ በትልቁ ጻፍኩት። ነገ ካድሬው ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ራሴ እሰጠዋለሁ።