«ከክፍሉ ሥራ ውጭ» ስለምትለው ማኅተም

ለተከበሩ የምክር አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎስ? ያ የሚንገጫገጨው ወንበርዎ ተጠግኖልዎት ይሆን? እኔ፣ በሦስተኛው በር ሰው የማማክረው ሠራተኛዎ፣ በአካል ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ የሠራሁትን በጓዳ ብናገረው ቶሎ ራሴን ይቅር እንዳልል ፈርቼ ነው።

በቅድሚያ ስለሰጡን ማኅተም ምስጋናዬ ይድረስዎት። ተገልጋይ ስለ እምነቱ ካነሳ፣ ወረቀቱ ላይ «ከክፍሉ ሥራ ውጭ» ብለን መትተን ወደ እምነት አባቱ እንድንልከው ባዘዙን መሠረት፣ ስድስት ወር ሙሉ ያለ ስስት መትቻለሁ። እጄ መምታት ከለመደ ወዲህ ጆሮዬ አርፏል። አቤቱታዬ ግን እነሆ፦

1. ባለፈው ወር አንድ ልብስ ሰፊ መጡ። ልጃቸው ከሞተች አራት ወሯ ነው። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይወርድላቸውም፣ መቀስ ሲይዙ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው፣ «የኔ ነገር ሌላ ነው ልጄ። ከፈጣሪ ጋር ተኳርፈናል። አርባ ዓመት ጠዋት ጠዋት ሳዋራው ኖሬ፣ አሁን ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ» አሉኝ። ሰውየው ሕመማቸውን በገዛ አፋቸው ነገሩኝ፤ እኔ ማኅተሟን አነሳሁ።

2. የእምነት አባታቸውም እንደ እርስዎ ሥርዓት አክባሪ ናቸው። በወረቀቱ ጀርባ «እንቅልፍ ማጣት የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ወደ ምክር አገልግሎት ይመለሱ» ብለው ፈርመው ላኩልኝ። መለስኳቸው፤ መለሱልኝ። ሰውየው በሁለታችን በር መካከል ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በአራተኛው ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ተቀዶ ስለነበር፣ በመርፌና በክር ሰፍተው አመጡት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ እንዴት እንደዚያ እንደሰፋ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ የማኅተም ቦታ ነበር የምፈልገው።

3. ይህኛው በራሴ ላይ ነው፤ ቁጥሩ ግን አይቋረጥ። እኔ በየቀኑ የመጀመሪያውን ተገልጋይ ከመቀበሌ በፊት መተላለፊያው ላይ ቆሜ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ዛሬም አደራህን» እላለሁ። እሳቸው በመጡ ቀንም ብያለሁ። የራሴን አማካሪ በር ላይ አማክሬ ገብቼ፣ የሳቸውን ውጭ እንዲተዉት አዘዝኳቸው። ክቡርነትዎ፣ ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። መመሪያው የእርስዎ ነው፤ እጁ ግን የኔ ነው።

በአምስተኛው ቀጠሮ አልመጡም። አድራሻቸውን ከመዝገብ አውጥቼ፣ ያለ ፈቃድ፣ ቤታቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው የስፌት መኪናው ከተሸፈነ ሳምንት እንዳለፈው ነገሩኝ። እሳቸው ከበሩ ጀርባ ሆነው ድምፄን ሲለዩ፣ ሳይቆጡ፣ እንዲያውም እንደ ይቅርታ ጠያቂ ሆነው፣ «ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ ቦታ አልቋል» አሉኝ። በሩን አልከፈቱልኝም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉኝ ይሆናል፤ ልክ ነዎት። ቢሆንም ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እዚያ በር ላይ እቀመጣለሁ። ከከፈቱልኝ፣ ያኔ መጠየቅ የነበረብኝን እጠይቃቸዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ምን ምን ይባባሉ እንደነበር። ካልከፈቱልኝም መቀመጤን አልተውም። ይህም ከክፍሉ ሥራ ውጭ ከሆነ፣ የሚመቱበት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ሥር ባዶ ትቼልዎታለሁ።

ማኅተሟን ቀለሟ ሳይደርቅ በፖስታ አሽጌ ለጸሐፊዎ ያስረከብኩ፣ የታዘዝኩትን አንድም ቀን ሳላጓድል የፈጸምኩና በዚሁ የማፍር፣

አክባሪዎ የሦስተኛው በር አማካሪ

ሳልረሳው፦ ባለፈው ዓመት እናትዎ ቀዶ ጥገና የገቡ ዕለት፣ ሁላችንንም ቢሮዎ ሰብስበው፣ በሩን ዘግተው፣ «እባካችሁ በየእምነታችሁ ጸልዩልኝ» ብለውን ነበር። እያለቀሱ ነበር፤ ጸለይንልዎት። እናትዎም ድነው ለቤታቸው በቁ፣ ተመስገን። ማኅተሟ ያኔ ገና ስላልተቀረጸች ይሆናል፣ ወደ ሌላ በር የመራዎት ሰው አልነበረም።