የጋሼ ጎጆ ጣሪያ

ግንቦት 19፣ ሰኞ

…ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ጎርፉን ሲሻገር ሁለት ዓይኖቹን በመዳፌ ጥርቅም አድርጌ ይዤበት ነበር። እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እሱ፣ ታላቅ ወንድሜ ጋሼ፣ አሥራ ስምንት። «ኧረ ልቀቂኝ፣ አይታየኝም!» እያለ፣ እየሳቀ… ከዚያ ምን እንዳደረግኩ አይታወሰኝም። ለቀቅኩት? ዛሬ የቀሚስ ጠርዝ ስዘመዝም ነው ድንገት የመጣብኝ።

ሌላ ወሬ የለም። ሦስት ሱሪ አሳጠርኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ መኪናው ላይ ሲያንኳኳ ዋለ። ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ስታመላልስ የኖረች አሮጌ መኪና ናት። የጭነት ሳጥኗን መኖሪያ እያደረገው ነው፤ እሷን ነድቶ አገር ሊዞር። አልጋ ገብቷል፣ መስኮት ገብቷል፣ የምድጃ ቦታም አለ። የቀረው ጣሪያው ነው።

«በስልሳ አራት ዓመቴ ጎጆ ልወጣ ነው» ይላል ላገኘው ሰው ሁሉ። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ግንቦት 21፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤት አብሬው ሄድኩ። ልቡ እንደነበረው ነው። አልባሰም፣ አልዳነም። ሐኪሟ መድኃኒቱን ጽፋ ስትጨርስ ወደኔ ዞራ «ብቻቸውን እንዳያድሩ» አለች። ጋሼ ሰምቷል። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ስለ ጣሪያ አወራኝ።

የጎጆውን አልጋ ለካሁት። የስፌት ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር… ሰባ አምስት ሴንቲ። የአንድ ሰው።

አንድ ቀን እንኳ «ነይ» አላለኝም። እኔም «ልምጣ?» ብዬ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ ማዕድ ስንቆርስ ኖረን፣ ይህቺን አንዲት ቃል…

ግንቦት 24፣ ቅዳሜ

የጋሼ ወዳጅ ጎሚስታው ለጣሪያው የሚለጠፍ የጎማ ጥቅል በጋሪ አመጣልን። የአንድ መጋዘን ጣሪያ ሲለብስ የተረፈ ነው። ጥቁር፣ እንደ ወፍራም ጨርቅ የሚተጣጠፍ። ለመኪናዋ ልክ ይሆናል፤ ከዳር የሚተርፈው ትንሽ ቁራጭ ነው። በጣቴ ዳበስ አደረግኩት። ጨርቅ ቢሆን ኖሮ በየት በኩል እንደምቆርጠው አውቅ ነበር።

እዚያው ቆሞ አስተማረን። ጎማው ተዘርግቶ ይቆይ፣ እጥፋቱ ይውጣለት። ከዚያ ማስቲሹ እንጨቱም ላይ ጎማውም ላይ ይቀባል። ጣት ላይ አልለጠፍ እስኪል ይጠበቃል። ያኔ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ በሩሎ እየዳመጠ ያስተኛል።

«አንዴ ከተነካካ አለቀ» አለ። «ይሄ እንደ ትዳር አይደለም፤ መፋቻ የለውም።»

«ሦስቴ የፈታ ሰው ምን ያውቃል!» ጋሼ ነው።

«ለዚህ አይደል ጎማ የመረጥኩት!»

ተሳሳቁ። ሊሄድ ሲል ግን ቆም ብሎ፣ ሳይስቅ፦ «እንጨቱ ይድረቅ እሺ? እርጥብ ላይ ከለጠፋችሁት ውሃውን አፍናችሁ ነው የምታስቀሩት። ጎማ ውሃ አያስገባም። አያስወጣምም።»

ግንቦት 25፣ እሑድ

ማለዳ ዘንቦ ነበር። ጣሪያውን የሸፈንበትን ሸራ በኋለኛው ጥግ ተንሸራቶ አገኘነው። ጋሼ በጨርቅ ጠራርጎ ፀሐይ አስመታው። አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት… ደመናው ከወዲያ ማዶ እየተሰበሰበ ነው። ማስቲሹን ከፍቶ፣ ሩሎውን ይዞ ቆመ።

«መርፌ፣ እስቲ ውጪና ዳስሺልኝ። የኔ እጅ ደንዝዟል፤ የሚያውቀው ያንቺ ነው።»

መርፌ የሚለኝ ስፌት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።

መሰላሉን ወጣሁ። የጣሪያውን እንጨት፣ ኮምፔንሳቶውን፣ በመዳፌ ዳሰስኩ። ከፊት ደረቅ። መሃሉ ደረቅ። የኋለኛው ጥግ፣ ከአልጋው በላይ ያለው… ቀዘቀዘኝ። እጄን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው።

«እህ?» አለ ከታች።

«ደርቋል» አልኩ።

ለጠፍነው። እኔ ያዝኩ፣ እሱ ዳመጠ። ስንጨርስ ግንባሬን ሳመኝ።

ግንቦት 26፣ ሰኞ

ዝናቡ ሊደርስብን ነበር። ማስቲሹ ተከፍቶ ነበር። ፊቱ ላይ ያን ያህል ደስታ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

ታዲያ እጄን ሁለተኛ ጊዜ ለምን አስቀመጥኩ? የመጀመሪያው አልበቃኝም?

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

ቀኑን ፀሐይ ሲያነድ ዋለ። ከስፌት ክፍሌ መስኮት ቁልቁል ሳይ፣ ጎማው በኋለኛው ጥግ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል።

ሰኔ 1፣ ቅዳሜ

ጋሼ ምሳ በልቶ ጎጆው ውስጥ ጋደም አለ። ሲወጣ አፍንጫውን ያሻል። «ይሸታል። ማስቲሹ ይሆናል፣ ይለቃል።» ማስቲሽ አይደለም። እኔም ገብቼ አሽትቻለሁ። የቆየ እርጥብ ፎጣ ነው የሚሸተው። ያንን እየሳበ ሊተኛ… በዚያ ልብ…

ሰኔ 15 እንደሚነሳ ለሰው ሁሉ ተናግሯል። መጀመሪያ ወደ ባሕር፣ ከዚያ «መኪናዋ ታውቃለች።»

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ጎሚስታው መጥቶ ወጥቶ አየው። እብጠቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሌላ ቦታ ብቅ አለ።

«እንጨቱ ደረቅ ነበር?»

«መርፌ ዳስሳዋለች» አለ ጋሼ፣ ቆጣ ብሎ። «እሷ ደርቋል ካለች ደርቋል። አትጠራጠር!»

ጎሚስታው ቀና ብሎ ወደ መስኮቴ አየ። ክር ላስገባ ነበር። አልገባ አለኝ።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ነገርኩት። እራት ላይ፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳይውጥ። ቢያንስ እስኪበላ አልጠብቀውም ነበር?

«ጋሼ፣ እርጥብ ነበር።»

«ምኑ?»

«የኋለኛው ጥግ። እያወቅኩ ነው።»

አኘከ። ዋጠ። «ተሳስተሽ ይሆናል።»

«አልተሳሳትኩም።»

«እንዳልሄድ ብለሽ?»

«…አላውቅም።»

እውነቴን ነው። ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም መሰለኝ። ገበታውን ገፋ አደረገ።

«ጣሪያ ከምታበሰብሺ እግሬን ብትሰብሪኝ አይቀልሽም ነበር?»

ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። አልሳቀም።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

የኋለኛውን ግማሽ በምላጭ ቀደደው። ጎማው ሲላጥ የእንጨቱን ቆዳ ይዞ ነው የተነሳው። ከሥሩ ጠቁሯል፤ በአሥር ቀን! የተበላሸውን በመጋዝ አወጣ። «ያዢ።» «ሳቢ።» «ተይው።» ከጠዋት እስከ ማታ ያለኝ እነዚህን ሦስት ነው።

ሰኔ 9፣ እሑድ

አዲሱ እንጨት ገብቷል። ሲያባራ ይገልጠዋል፣ ሲዳምን ይሸፍነዋል። ራሱ ወጥቶ በጉንጩ ይዳስሰዋል። አይጠራኝም።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ዛሬም በጉንጩ።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ለጠፉት። ያዢዋ እኔ የምሆን መስሎኝ ነበር፤ የሥራ ልብሴን ለብሼ ወረድኩ። ጎሚስታው ቀድሞኝ መሰላሉ ላይ ነበር። ጋሼ የሥራ ልብሴን አየና ዓይኑን ወደ ሩሎው መለሰ። ተመልሼ ወጣሁ።

ጎሚስታው ያመጣውን አዲስ ቁራጭ ከአሮጌው ጋር አንድ ስንዝር ደርበው አጋጠሙት። ለጎሚስታ ምን ይከብደዋል፣ ዕድሜውን ሙሉ የለጠፈ! ከላይ ሳየው ግን መጋጠሚያው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ልብስ ቢሆን ኖሮ ደብቄ እሰፋው ነበር።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

መድኃኒቱን የየቀኑን ለየብቻ ከፋፍዬ በትንንሽ ከረጢት ሰፋሁለት። የሠላሳ ቀን። ጠረጴዛ ላይ ተውኩት። ማታ ሳየው ተነስቷል።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት በኃይል ዘነበ። ጋሼ በእጁ ጠራኝ፤ ጎጆው ውስጥ ገባን። እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ። አንጋጠን ጣሪያውን አየን። ዝናቡ ጎማው ላይ ድምፁ ወፍራም ነው፣ እንደ ቆርቆሮ አይጮህም። ሩብ ሰዓት ያህል። አንዲት ጠብታ አልገባም። ሽታም የለም።

«አያፈስም» አልኩ።

«አያፈስም።»

ከዚያ አልኩት። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ እንደ ሕፃን፦ «ጋሼ፣ ልምጣ?»

ጣሪያውን እያየ፣ «አልጋው አንድ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ለክቼዋለሁ።»

«ለክተሻል?» ዞሮ አየኝ። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ፊቴን ሲያይ የመጀመሪያው ነው። «መቼ?»

«ገና ጣሪያ ሳይኖረው።»

«ታዲያ ምነው ያኔ አልጠየቅሽም?»

«አንተስ ምነው ያኔ አላልክም?»

ዝናቡ አባራ። ተነሳ፤ እኔን ተሻግሮ ወረደ። ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ዘይት አየ። መልሱን ጠብቄ ጠብቄ ወደ ክፍሌ ወጣሁ።

አሁን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከታች ይታየኛል። ሻንጣውን አስገባ። የውሃ ጀሪካኑን አስገባ። የኋላውን በር ይዞ ቆሟል። ወደዚህ ቀና አላለም… ምን ይጠብቃል? ጫማዬን አድርጌያለሁ። መቼ እንዳደረግኩት አላውቅም። እኔን ሳይጠራ ጎጆው ውስጥ ገባ።

የጎጆው በር ተዘጋ።