ለዋና መምህሩ ሐውልት የተለካ ጭንቅላት

ውድ እህቴ፣ ሰነባበትን፤ እንደምን አለሽልኝ? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? ልጅሽንስ ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። ብርዱስ እንዴት ነው? «እናንተ ኒያንደርታሎች፣ የበረዶ ዘመን ሰው ዘሮች፣ ብርድ ምን ያደርጋችኋል» የሚሉን ሰዎች አንድ ክረምት በእኛ ጉልበት ቢከርሙበት ደስ ይለኛል። ለመሆኑ የሆስፒታሉ ሊፍት ሲበላሽ በሽተኛ የምትሸከሚው አሁንም አንቺ ነሽ?

ዋና መምህራችንን አልረሳሽውም። በአሥራ ሦስት ዓመትሽ፣ ተማሪው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ ከልብስ ስፌት ክፍል ባስመጣው ሜትር ጭንቅላትሽን ለካና «ሃምሳ ዘጠኝ። ይሄ ሁሉ አጥንት ነው፤ ትምህርት የሚገባበት ቀዳዳ የለውም» ብሎ አባረረሽ። በዚያ ትምህርት ቤት ከወገናችን የተቀጠርሁ የመጀመሪያው መምህር እኔ ነበርሁ፤ ከሥራዬ እንዳልባረር ፈርቼ አፌን ያዝሁ። እሱ የጣለውን ሜትር ግን ከመሬት አንስቼ፣ ሃምሳ ዘጠኝ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት አድርጌ፣ አርባ አንድ ዓመት በመሳቢያዬ አኖርሁት።

ዛሬ በየክፍሉ የተማሪው ሲሶ የእኛ ልጅ ነው። አይገርምሽም፣ በሩን የከፈተልን ዋና መምህሩ ነው ተብሎ በግቢው የጭንቅላቱ ቅርጽ ሐውልት ሊቆምለት ነበር። ለቀራፂው የጭንቅላቱ ልክ አስፈለገ። እኔ ልለካው አልሁ፤ በልኬት ማንም አያማኝም።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ። ተሳስቷል እንዳልባል ሦስት ጊዜ ለካሁት። ሰሌዳው ላይ ሃምሳ አራት ብዬ ጻፍሁ፤ ከጎኑ ሃምሳ ዘጠኝ፣ በላዩም ስምሽን። የሆነውን ሁሉ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ ተናገርሁ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ «ጌታው፣ ቀዳዳው በየት በኩል ነው?» አልሁት። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ፣ እሱም የእኛው ወገን ነው፣ ቀድሞ ሳቀ፤ ተማሪዎቹ ተከተሉት። ሐውልቱ ቀረ። የጭንቅላት ልክ ዕውቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ፈተናውን ያወጣው ግን እሱ ነው፤ እኔ ያደረግሁት ማረም ብቻ ነው።

ትናንት ሴት ልጁ መጥታ አባቷ ከቤት መውጣት እንዳቆመና ይቅርታ እንደሚለምን ነገረችኝ። ግቢ አላልኋትም። ይቅርታው የእህቴ ነው ብዬ አድራሻሽን ሰጠኋት። የእሱ ደብዳቤ ሲደርስሽ ለመመለስ አትቸኩዪ፤ እኔ አርባ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ።

ባለቤትሽን ወገብህን አደራ በይልኝ። አማትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ሜትሩን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሐኪም ልሆን ነው የምትለውን ልጃችንን ለኪያትና ጻፊልኝ፤ ካንቺ ከበለጠች ልኳን ለዋና መምህሩ እኔው ሄጄ አነብለታለሁ።

ወንድምሽ
ከአሮጌው ቤታችን፣ ጥቅምት ፱ ቀን