የማን ልጅ ነሽ?

ሴፕቴምበር 9
ሰኞ። አውቶቡስ አመለጠኝ፣ ጫማዬ በሰበሰ። ክፍል ስገባ ትምህርቱ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ አልፏል።
አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቼ አሁን ደግሞ ተማሪ! የሕክምና ምርምር ማስተርስ፣ እንደኛ ላሉ ጥቁር ነርሶችና ሐኪሞች ተብሎ የተከፈተ። የራሳችሁን ሰው ራሳችሁ አጥኑ ነው ነገሩ። ደስ ይላል። ታዲያ ምሳዬን ደረጃ ላይ ብቻዬን የምበላው ለምንድነው?
መጠይቄን ጨረስኩ። ረቂቁ ላይ "ደም ብዛት" ብዬ ነበር። ሰረዝኩና "የደም ግፊት" አደረግኩት። የገጠር ወሬ እንዳይመስልብኝ።

ሴፕቴምበር 24
ለጥናቴ መደወል ጀመርኩ። ያደግኩበት አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ከአሜሪካ ደቡብ፣ ሚሲሲፒ ዴልታ። ዝርዝሩ ላይ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ። የደም ግፊት አለብኝ ላለ ሰው መለኪያ ማሽን ቤቱ ድረስ ይላክለታል፣ ነርስ በየሳምንቱ ትከታተለዋለች። የለብኝም ያለውን አመስግኖ መሸኘት።
የስልክ ድምፄን አወጣሁ... ያንን ለመሥሪያ ቤት የምናወጣውን፣ አፍንጫ አፍንጫ የሚለውን።
ቁጥር 38 ሽማግሌ ናቸው። "የለብኝም" አሉ። ቀጥለው "የማን ልጅ ነሽ?"
አገሬ እኮ ይህ ሳይጠየቅ ወሬ አይጀመርም። ከወረቀቱ አነበብኩላቸው። "ስለ ራሴ እንድናገር አልተፈቀደልኝም።"
"እንግዲያው ደህና ዋይ።" ዘጉት።

ኦክቶበር 11
ዘጠና ሁለት ሰው። አለብኝ ያሉት አሥራ አራት ብቻ! ከግማሽ በላይ ነበር የጠበቅነው። ዶክተር ሃርግሮቭ፣ አማካሪዬ፣ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አዩት። "ይሄ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው፣ ቬርኒስ። ለጉባኤ ይቀርባል።"
ለማን ልንገር? የተጠበሰ ዓሣ ገዝቼ ቆሜ በላሁ።

ኦክቶበር 20
እሁድ። አክስቴ ኦዜላ ጋ ደወልኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከቤተ ክርስቲያን መግባቷ ነው፣ ድስት ይንኳኳል።
"ስሚ እንጂ፣ አንዲት ነጭ ሴትዮ ለሰፈሩ ሁሉ እየደወለች ነው አሉ። 'የደም ግፊት አለብዎት?' ትላለች። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን!"
ነጯ ሴትዮ እኔ ነኝ።
"ምኑ ነው የሚያስቀው?"
"ግፊት የሚይዘው የሚብከነከን ሰው ነዋ! የንዴት በሽታ ነው። በዚህ ዕድሜያችን በምን እንብከንከን? እኛ ያለብን ደም ብዛት ነው፣ ከአሳማውና ከጨው የሚመጣው። ይኸው ደሙን እንዲያቀጥንልን ኮምጣጤያችንን እንጠጣለን።"
"አክስቴ... ሁለቱ እኮ አንድ ናቸው።"
"እሱን ሂጂና ለዶክተሮችሽ ንገሪ።"
ወይ ጉዴ! ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አይደል ያደግኩት? ቃሉን በእጄ ይዤው ነበር እኮ። በእጄ ሰረዝኩት።

ኦክቶበር 21
ለዶክተር ሃርግሮቭ አልተናገርኩም።

ኦክቶበር 22
ዛሬም።
ከተናገርኩ ሁሉም እንደገና ሊጀመር ነው፣ በሜይ መመረቅ የለም። ዝም ካልኩ ሰባ ስምንት ሰው ጤነኛ ተብሎ ተጽፎ፣ ኮምጣጤውን እየጠጣ ይቀመጣል። የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ምነው ባላወቅኩት።

ኦክቶበር 25
ነገርኳቸው።
"ቃሉን ማን መረጠው?"
"እኔ።"
"ሌላ ቃል አታውቂም ነበር?"
"አውቅ ነበር።"
መነጽራቸውን አወለቁ። "እናቴ 'ደም ብዛት' እያለች ነው የሞተችው። እኔም መጠይቅሽን አንብቤ አለፍኩት..." መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ እንደ አለቃ ሆኑ። ሁሉም እንደገና ይደወልላቸዋል፣ ምረቃው ይቆያል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ኖቬምበር 18
አዲሱ መጠይቅ ተፈቀደ። "ደም ብዛት አለብዎት?" ማንነቴን ለጠየቀኝም መናገር እችላለሁ።

ኖቬምበር 21
ሠላሳ ሰባት ሰው ደረስኩ። ሃያ ዘጠኙ አለብን አሉ! አንዷ አሮጊት የራሳቸውን ደም ብዛት አውርተው ሲጨርሱ የምራታቸውን ቀጠሉ፣ አርባ ደቂቃ። ሳቅኩ። እዚህ ክፍል ውስጥ ስስቅ የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

ኖቬምበር 22
ቁጥር 38። ሚስታቸው አነሱ።
"ሉሺየስ መናገር አይችልም። ባለፈው ወር ደሙ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። ማን ልበል? የማን ልጅ ነሽ?"
"የኦዜላ... ኦዜላ ፔቲግሩ ያሳደገችኝ። ቬርኒስ።"
"አንቺ! የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ ሲነዳ ከኋላው ያስቀምጥሽ አልነበር?"
እሳቸው! ጋሼ ሉሺየስ። ድምፃቸውን አላወቅኩትም። እሳቸውስ የኔን እንዴት ይወቁት?
"ያኔም የደወልኩት እኔ ነበርኩ" አልኩ።
ቀስ ብለው፣ "ምነው ታዲያ ስምሽን ብትነግሪው? ላንቺ እኮ ሁሉንም ይነግርሽ ነበር።"
ይቅርታ አልኩ። ልዘጋ ስል አስቆሙኝ።
"ይሰማል እኮ። መናገሩን ነው ያቃተው። ጆሮው ላይ ላድርግልሽ?"
አደረጉላቸው። ትንፋሽ ብቻ። ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።
"ጋሼ ሉሺየስ፣ ቬርኒስ ነኝ" አልኳቸው። "የኦዜላ ልጅ።"