አልወርድ ያለው አጥሚት

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ ማለት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ጠየቅሁህ፤ መልሱን ግን ተወው። እኛ ሐረር እንዳለን አለን። እማዬም በትራስ ቀና ብላ አልጋዋ ላይ ናት።

አንተ ስትሄድ የከዳት አንድ እጇ ብቻ ነበር። አሁን ከዓይኗ በቀር የሚታዘዛት የለም። ሐኪሙ ኤ.ኤል.ኤስ. የሚለው የነርቭ በሽታ ምላሷንም ጉሮሮዋንም ወሰደው። መጀመሪያ አክታዋን በመምጠጫ ማሽኑ አወጣላታለሁ፤ ከዚያ ሆዷ ላይ በተተከለው ቱቦ እመግባታለሁ። መርፌ የሌለውን ትልቁን ሲሪንጅ ቱቦው ላይ ሰክቼ ከፍ አድርጌ ስይዘው አጥሚቱ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ንግግራችን በዓይን ነው፤ ወደ ላይ ስታነሳ አዎ፣ ስትጨፍን አይደለም።

አጎታችን ጋሼ ሽመልስ ያንተ ነገር ለእሷ እንዳይነገራት ወሰኑ። ይህን ሰምታ በሕይወት አትቆይም፣ መርዶ ለጤነኛም ከባድ ነው አሉ። ሽማግሌ ተናገረ ብለን ሁላችንም ተቀበልን። እኔም ጥቁሬን ሚስኪ ቤት አውልቄ አበባ ያለበትን ቀሚሴን ለብሼ እገባለሁ። ሚስኪን ታውቃታለህ፣ ፈረስ መጋላ ጨርቅ ስትሸጥ የምትውለው የግድግዳ ጎረቤታችን ናት። ስወጣ ጥቁሩን፣ ስገባ አበባውን። በዚህ ዕድሜዬ ቲያትረኛ ሆንኩልህ።

በመገብኳት ቁጥር ሰላምታህን አቀብላት ነበር። ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ ኔትወርክ አስቸግሮት ነው፣ ለፋሲካ ይመጣል እላታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይሉ የለ? የእኔ እያደር ከበደ። ስምህን ስጠራ አጥሚቱ ሲሪንጁ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ወዲያው ጉሮሮዋ ውስጥ አክታው መንተክተክ ይጀምራል።

ወፍሮ ነው ብዬ አቀጠንኩት። በነጠላ አጠለልኩት። ቱቦውን ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት፤ ውሃው ያለ ችግር ወረደ። ነርሷም መጥታ ቱቦው ንጹሕ ነው አለች። እንደዚህ እየከሳች ከሄደች ግን አክታውን የምትገፋበት አቅም ታጣለች ብላ አስጠነቀቀችኝ። በአጭሩ፣ አጥሚቱ ካልወረደ እማዬን እናጣታለን ማለት ነው። ፈራሁ።

አንድ ቀን ሚስኪ ትመግባት ነበር፤ ስላንተ ምንም ሳታነሳ። አጥሚቱ ቀስ እያለ ሲወርድ በር ላይ ሆኜ አየሁና ደስ ብሎኝ፣ ልጅሽም ደውሎ ሰላም ብሎሻል አልኳት። ቆመ። ሚስኪ ሲሪንጁን እንደያዘች ዞራ አየችኝ፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ቢስሚላሂ አለችና፣ ወላሂ ይህን ነገር ተይው፣ ውሸቱን ሆዷ አልቀበል ብሏል አለችኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጥቁሬን እንደለበስኩ ከሚስኪ ጋር ገባሁ። ጋሼ ሽመልስን አላማከርኩም። እማዬ ልብሴን አየች፤ አልደነገጠችም። አጥሚቱን ሞላሁና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ቁልቁለቱን፣ የተገለበጠውን መኪና፣ የቀበርንበትን ደብር። አጥሚቱ ግን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ወረደ። ጉሮሮዋም ጸጥ አለ። እንባዋን ጠረግሁላት፤ የኔን ሚስኪ ጠረገችልኝ።

ታውቂ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች። ማን ነገረሽ፣ ሚስኪ ናት? ጨፈነች። ጋሼ ሽመልስ ናቸው? ጨፈነች። ነርሷ ናት? ጨፈነች። እዚህ ቤት የገባ የወጣውን ሁሉ ስም ጠራሁ፤ ለሁሉም ጨፈነች። ሳልጠራው የቀረ አንድ ስም ነበር። ጠራሁት።

ዓይኗን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ እኔን አልፋ በሩ ጥግ ያለውን በርጩማ ማየት ጀመረች። ሚስኪ ዱዓ እያነበነበች ወጣች። አሁንም አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኩም።

ተቀይሜሃለሁ። ቀሚስ ስቀያይር ዝም ብለህ አየኸኝ። ቢሆንም ቤትህ ነው፣ ና፤ እሷም ዓይኗ ሲያርፍብህ ትንፋሿ ይቀላል። ብቻ የምትመላለሰው ይዘሃት ልትሄድ ከሆነ፣ በእናታችን ጡት ይዤሃለሁ፣ አትቸኩል። አጥሚቱ መውረድ የጀመረው ገና ዛሬ ነው።

ያለህበትን ስፍራ እግዜር ብርሃን ያድርግልህ፤ ለእኛም ጥቂት ጊዜ ይተውልን።

ታናሽ እህትህ